አምስት ዓመት ሠርቶ ደሞዙ ከፍ ያለለት ማን ነው? (ባሕር ዳር)

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ላይ ሥራ ሲገኝ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ መነሻው ስንት ነው? ወላጅ ይጠይቃል፣ ጓደኛ ይጠይቃል፣ አከራይም ይጠይቃል። ከአምስት ዓመት በኋላ ስንት ይሆናል የሚለውን ግን ማንም አያነሳም። እኔ ደግሞ ሰውና ሰው የሚራራቀው እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከፔዳ ወይም ከፖሊ (ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) በአንድ ቀን የተመረቁ ሁለት ልጆች በተቀራራቢ ደሞዝ ይጀምራሉ። ጥቂት ዓመት ቆይታችሁ ስታዩዋቸው አንዱ ቤት መሥሪያ ቦታ ያፈላልጋል፣ ሌላው አሁንም የወር መጨረሻን በብድር ነው የሚሻገረው። በጉብዝና አይበላለጡም። የለያያቸው የገቡበት ዘርፍ ነው።

ስለዚህ ጠየቅኩ። በእናንተ ሥራ ደሞዝ የሚጨምረው በምንድን ነው? በዓመት ብዛት፣ በትምህርት፣ በሙያ ወይስ በዘመድ? ጣሪያው የት ነው? ጣሪያው ላይ የደረሰ ሰውስ ወዴት ይሄዳል? የድርጅት ስም አትጻፉ፣ ሰው አትጥሩ፣ የሠራችሁበትን ብቻ ንገሩን አልኩ። መልሱ ካሰብኩት በላይ መጣ። ከታች በየተራው በራሴ ቃል ጽፌዋለሁ። የተደጋገመውን አሳጥሬያለሁ፤ ሆዴን የበላኝ ላይ ግን ረዘም አድርጌያለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ የክፍለ ከተማ ባለሙያ ነው። አጻጻፉ ጨዋ ነው፤ ሁሉንም ወንድሜ፣ እህቴ እያለ ነው የሚጠራው። የመንግሥት ሥራ የሚታማው ሰው አሠራሩን ስለማያውቀው እንደሆነ ጻፈ። እያንዳንዱ የሥራ መደብ ደረጃ አለው። ደረጃው መነሻና ጣሪያ አለው፤ በመሃል እርከኖች አሉ። ሠንጠረዡን ያየ ሰው ማን ስንት እንደሚያገኝ ያውቃል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው ደሞዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር ማደጉን፣ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚጀምር ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር መድረሱን ዘረዘረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ጠቅሶ ጨረሰ።

ቁጥሮቹን እኔም አስልቼ አየኋቸው። በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ርቀት ድሮ 4 ተኩል እጥፍ ገደማ ነበር። አሁን 6 ተኩል እጥፍ ሆኗል። ማደግ ለሚፈልግ ሰው ከፊቱ ያለው መንገድ ረዝሟል ማለት ነው። ስንቱ ሰው ነው ላይ የሚደርሰው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እሱን ቀጥለው የመጡት አነሱት።

መልስ 2

አጭር ነው። ከአንደኛው ጋር ይስማማል። ሰው ደሞዝ ሲያወዳድር ጡረታን እንደሚረሳ አስታወሰ። ሠራተኛው 7 በመቶ ሲያዋጣ ቀጣሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። በቀን ገቢ የሚኖር ሰው ይህን የሚያዋጣለት የለም።

መልስ 3

መምህር ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ። አንደኛውን በአክብሮት አረመው። መንገዱ የሚታይ መሆኑን አልካደም። ግን መታየቱና መራመዱ ይለያያል ይላል። የመምህራንን ደረጃዎች ቆጠረ፦ ጀማሪ፣ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። አንዱን ደረጃ ለመውጣት ዓመታት ይጠበቃል፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ይታያል፣ በጀት አለ የለም ይባላል።

ከሁሉ የነካኝ ስለ ደሞዝ መቀራረብ ያለው ነው። አዲሱ ደሞዝ የወጣ ሰሞን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የእሱንና የአንድ አዲስ ተቀጣሪ መምህር የደሞዝ ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግተው አዩ። ልጁ ድሮ ተማሪው ነበር። ብዙ ዓመት ያስተማረው ሰውና ዘንድሮ የገባው ልጅ ያላቸው ልዩነት የአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ አይሞላም። ለልጁ ደስ እንዳለው ጻፈ። ለራሱ ግን ያሳለፈው ዘመን ከወረቀቱ ላይ የተፋቀ መሰለው። የመነሻ ደሞዝ ሲጨምር የቆየው ሠራተኛ አብሮ ካልተገፋ፣ ከላይ ሲታይ ጭማሪ ነው፤ ከውስጥ ሲታይ ግን እድገት ጠፍቷል።

መልስ 4 እና 5

አራተኛው፣ 11,500 ብር ላይ መንግሥት 35 በመቶ ስለሚወስድ እጅ ላይ የሚቀር የለም ብሎ በምሬት ጻፈ። አምስተኛዋ የሒሳብ ባለሙያ ናት፤ ትሕትና ባለው አነጋገር አቃናችው። ግብሩ በሙሉው ላይ እንደማይቆረጥ፣ በየእርከኑ እንደሚሄድ አስረዳች። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው። ከዚያ እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ድረስ 20፣ እስከ 10,000 ድረስ 25፣ እስከ 14,000 ድረስ 30 በመቶ ነው። 35 በመቶ የሚመጣው ከ14,000 በላይ ባለው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ11,500 ላይ ግብሩ 2,100 ብር፣ ጡረታው 805 ብር ይሆናል። እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። 6,000 ብር የሚያገኘው ደግሞ 4,880 ብር ይዞ ይወጣል።

አንድ ነገር ጨመረች፤ ጠቃሚ ነው። እርከኖቹ ጠባብ ስለሆኑ ደሞዝ ባደገ ቁጥር ከጭማሪው ላይ የሚቆረጠው ድርሻ ቶሎ ከፍ ይላል። ከ14,000 ወደ 16,000 ያደገ ሰው ከ2,000ው ላይ 700 ለግብር፣ 140 ለጡረታ ከፍሎ 1,160 ብር ነው የሚያገኘው። እድገት ስንል ወረቀት ላይ ያለውን ሳይሆን እጅ የሚገባውን እንቁጠር አለች። አራተኛው አመሰገናት።

መልስ 6

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። ስድስተኛው ባጃጅ ይነዳል። እናንተ ስለ እርከን ታወራላችሁ፣ እኔ ጠዋት ስነሳ ለባለቤቱ የማስገባው ገቢ ነው የሚታየኝ ሲል ጀመረ። በባጃጅ የመጀመሪያው ቀንና የሦስተኛው ዓመት ገቢ አንድ ነው። ጎበዝ ሾፌርና ጀማሪ ሾፌር ከፋሲሎ ሰባታሚት የሚያስከፍሉት እኩል ነው። ገቢው ከቢሮ መነሻ ሊበልጥ ይችላል፤ ግን አያድግም። እንዲያውም ነዳጅ ሲወደድ፣ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን ሲያልቅ፣ መንገድ ሲዘጋ ይወርዳል።

አንድ መውጫ ብቻ አለ፤ እሱም የራስን ባጃጅ መግዛት። እሱ ዕቁብ ገብቷል። ከጓደኞቹ መካከል ዕቁብ ደርሷቸው ባለቤት የሆኑ አሉ። ባለቤት የሆነ ሰው ገቢው በአንድ ቀን ይለወጣል፤ ከዚያ ደግሞ ዓመታት ይቆማል። ለእሱ እድገት ማለት ከሾፌርነት ወደ ባለቤትነት መዝለል ነው። በመሃል ምንም የለም።

መልስ 7

የዚህ ክር (ውይይት) ምርጥ መልስ ይህ ነው ብዬ አስባለሁ። ሰውዬው በሕንፃ ሥራ ላይ ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ከገጠር መጣ፣ ዘንዘልማ አካባቢ በቀን ሠራተኛነት ጀመረ። አሸዋና ሲሚንቶ ተሸከመ። ከቀን ሠራተኛ በላይ ረዳት አለ፣ ከረዳት በላይ ግንበኛና ለሳኝ አለ፣ ከዚያ ፎርማን፣ ከዚያ ሥራ በጨረታ ወይም በድርድር የሚወስድ ሰብ ኮንትራክተር አለ። ለእያንዳንዱ የቀን ዋጋው የተለያየ ነው፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው።

እንዴት እንደወጣ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ረዳት ሳለ ለሳኙ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ ቱምቢውን (የግድግዳ ቀጥነት መለኪያውን) አንስቶ የተለሰነውን ግድግዳ ይለካ ነበር። የት ላይ እንደሆደ፣ የት ላይ እንደገባ በዓይኑ ያየውን በቱምቢው ያረጋግጣል። ውሃ ልክ እንዴት እንደሚነበብ ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረውም። አንድ ቀን ለሳኙ ታመመና ቀረ፤ ባለቤቱ ሥራው እንዳይቆም ፈለገ፤ እሱ የአንዱን ክፍል ልስን ጨረሰ። በሚቀጥለው ሳምንት ከፎቁ በታች የሚያልፍ ሌላ ባለቤት ገብቶ ግድግዳውን በእጁ ዳብሶ ይህን የሠራው ማን ነው ብሎ ጠየቀ። እዚያው የቀን ዋጋው ተለወጠ። በኋላ ሴራሚክ ንጣፍ ተማረ፤ አሁን በካሬ ይዋዋላል፣ ከሥሩ ሰዎች አሉት።

አደጋውንም አልደበቀም። ሲሚንቶ ሲጠፋ ሥራ ይቆማል። ከወደቅክ የሚከፍልህ የለም። ወገብ የሚሰጥህ ዓመት የተቆጠረ ነው።

መልስ 8

ስሙን ባልጠቀሰችው ፋብሪካ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ናት። አንድ ሥራ ነው የምትሠራው፤ ኪስ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ ኪስ። በሰዓት ስንት ኪስ እንደምትሰፋ የሚያውቀው ተቆጣጣሪዋ ብቻ ነው። ፍጥነቷ በእጥፍ ጨምሯል፣ ደሞዟ ግን ሁሉም ሲጨመርለት ነው የሚጨመርላት። ከእሷ በላይ ያለው ወንበር የመስመር ተቆጣጣሪነት ነው፤ ለብዙ ሰፊዎች አንድ ወንበር። ወጥታ ራሷን ችላ ልብስ ሰፊ እንዳትሆን ሙሉ ልብስ መስፋት አልተማረችም።

ከሰባተኛው ጋር አስተያዩት። እሱም እሷም በእጃቸው ነው የሚሠሩት። የእሱ ሥራ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አላፊ አግዳሚው ያየዋል። የእሷ ሥራ በካርቶን ታሽጎ ይሄዳል።

መልስ 9፣ 10 እና 11

ዘጠነኛው ተመራማሪ ቢጤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን የክሪስ ብላትማንና የስቴፈን ደርኮንን ጥናት አመጣ። ጥናቱ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ በአምስት ድርጅቶች ሥራ ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈለ። ለአንዱ ክፍል ሥራው ተሰጠ። ለሌላው 300 ዶላር ገደማና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠ። ሦስተኛው እንዳለ ተተወ። ፋብሪካ ከገቡት አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ለቀቁ። ደሞዙ ውጭ ከሚያገኙት አይበልጥም ነበር፤ የጤና ችግር ግን ጨመረባቸው። ገንዘቡን ያገኙት በዓመቱ ገቢያቸው በሲሶ ገደማ ከፍ አለ።

አሥረኛው ተቆጣ። ዶላር ቆጥሮ ፋብሪካ አያስፈልግም የሚል ሰው ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ሰው ነው አለ። ከዚያ ስለ አባቱ ጻፈ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. በጣሊያን የጦር ካሣ ሲቋቋም ከተማዋ ትንሽ ነበረች። አባቱ ተቀጥሮ ማሽን ተማረ፣ ጥገና ክፍል ተዛወረ፣ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፣ በጡረታ ሲወጣ የክፍል ኃላፊ ነበር። ስድስት ልጅ በዚያ ደሞዝ አደገ። ፋብሪካ ደሞዝ አያሳድግም የሚሉ ሰዎች ይህን ከየት ያመጡታል?

አሥራ አንደኛው ዘጠነኛው ራሱ ነው። ፋብሪካ አያስፈልግም አላልኩም አለ፤ እሱም ትንሽ ሞቅ ብሎታል። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲያዩ የሦስቱም ቡድን ገቢ ተቀራርቦ እንዳገኙት ጨመረ። ገንዘቡም ሥራውም ብቻውን ሰውን ሩቅ አልወሰደውም። የአሥረኛውን አባት ያሳደገው ፋብሪካ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ከማሽን ወደ ጥገና፣ ከጥገና ወደ ኃላፊነት የሚያስገባ በር መኖሩ ነው። ስምንተኛዋ ያጣችው ያንን በር ነው። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ከእሱ ጋር ነኝ። በግል ድርጅት በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደሞዝ አለመኖሩንም እሱው ነው ያነሳው። የሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝ የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም አንቀጽ አስቀምጧል። መነሻው ወለል ሳይኖረው ስለ ጣሪያ ማውራት ከባድ ነው።

መልስ 12

ባንክ የሚሠራ ነው። ባንክ ውስጥ ጁኒየር፣ ሲኒየር፣ ሱፐርቫይዘር፣ ሥራ አስኪያጅ እያለ መሄዱን ነገረን። ዋናው ግን ደሞዙ እንዳልሆነ ተናገረ፤ ቦነሱና ለሠራተኛ በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጠው የቤት ብድር ነው። በአገሪቱ ከ30 በላይ ባንኮች አሉ። አዲስ ባንክ ቅርንጫፍ ሲከፍት ሰው ከሌላው ባንክ በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ይወስዳል። ብዙዎቹ ጓደኞቹ ያደጉት በቆዩበት ሳይሆን ሲለቅቁ ነው። እሱ ግን የቤት ብድር ስላለበት መልቀቅ አልቻለም።

መልስ 13

በጣም አጭር ነው፤ በስልክ የተጻፈ ይመስላል። ይህ ሰው የአንድ ባንክ በር ጠባቂ ነው። በኤጀንሲ ነው የተቀጠረው። ከአሥራ ሁለተኛው ጋር በአንድ በር ይገባሉ። ባንኩ ሲያተርፍ ቦነሱ እሱን አይመለከተውም። ብድሩም አይመለከተውም። ባንኩ የውስጥ ማስታወቂያ ሲለጥፍ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ያነበዋል፤ መወዳደር ግን አይችልም፤ የባንኩ ሠራተኛ አይደለማ። በማታ ዲፕሎማ ይዟል። ዲፕሎማውን የሚያስገባበት ፋይል የለውም።

እዚህ ላይ ቆምኩ። ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቃቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ። ተላላኪ ሆነው ገብተው መዝገብ ቤት የደረሱ፣ ጥበቃ ሆነው ገብተው ንብረት ክፍል ኃላፊ የሆኑ፣ ልጆቻቸውን ያስመረቁ። ደሞዛቸው ትንሽ ነበር፤ ግን እንደ ሌላው ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱ ፋይል ነበራቸው። በሩ ከውስጥ ክፍት ነበር። ጽዳትና ጥበቃ ለኤጀንሲ ሲሰጥ ወጪ ቀነሰ ተባለ። የቀነሰው ወጪ ብቻ አይደለም። የታችኛው ሰው ወደ ላይ የሚወጣበት የመጀመሪያው ደረጃ ነው የተነሳው።

ለእኔ የዚህ ክር ፍሬ ነገር ይህ ነው። ደሞዝ የሚያድገው ሁለት ነገር ባለበት ነው። አንድም ከውስጥ ወደሚቀጥለው ወንበር የሚያስገባ በር ሲኖር ነው፤ እንደ አሥረኛው አባት። አንድም ሥራህን ከቀጣሪህ ውጭ ያለ ሰው አይቶ ዋጋ ሊሰጥህ ሲችል ነው፤ እንደ ሰባተኛው ግድግዳ። ሁለቱም በሌሉበት ሰው ሃያ ዓመት ቢሠራ ያው የመጀመሪያ ዓመቱን ይደጋግማል። ባጃጁም፣ ኪሱም፣ የባንኩ በርም ያሉት እዚያ ላይ ነው።

መልስ 14

ለአሥራ ሦስተኛው ያዘነ ሰው ነው። ጀርመን ውስጥም ጽዳት፣ ጥበቃና ምግብ ቤት ለውጭ ድርጅት ሲሰጥ የሠራተኞቹ ደሞዝ ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደወረደ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ማሳየቱን ጠቀሰ።

መልስ 15፣ 16 እና 17

ክሩ ወደ ዓሣ ዞረ። አሥራ አምስተኛው የዓሣ አስጋሪ ልጅ ነው። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና ሲገባ አባቱ ከታንኳ ወደ ጀልባ ተሻገረ፣ ገቢው ተመነደገ። ከዚያ ሁሉም መረብ ያዘ። ክረምት ሲገባ ነጩ ዓሣ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ሲወጣ አፉ ላይ መረብ ተዘረጋ። ዓሣው እያነሰ መጣ። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ። የእሱ ነጥብ ከክሩ የወጣ አልነበረም፤ የአንዱ ገቢ ሲያድግ የሁሉም ምንጭ ሲደርቅ እድገቱ የጋራ ዕዳ ይሆናል። አሥራ ስድስተኛዋ ግን ጥሩ ቀረሶ በስንት እንደሚሸጥ ጠየቀች፤ አሥራ ሰባተኛው አምባዛ ይሻልሻል አላት። እንዲህ እንዲህ እያሉ ትንሽ ቆዩ።

መልስ 18፣ 19 እና 20

አሥራ ስምንተኛው አስጎብኚ ነው። በደህናው ጊዜ ወደ ገዳማቱ በጀልባ፣ ወደ ጢስ ዓባይ በመኪና እንግዳ ይወስድ ነበር። ሁለተኛ ቋንቋ ሲጨምር የቀን ክፍያው ጨመረ፣ ሦስተኛ ሲጨምር እንደገና ጨመረ። ጉርሻውን ሳይቆጥር ከማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ በልጦ ነበር። ከነሐሴ 2015 ወዲህ እንግዳው ቀረ፣ ገቢው ዜሮ ሆነ። ከዚያ ወደ አንደኛው ዞረ። ወንድሜ ማለቱን ትቶ አንተ እያለ፣ ሥራ በሌለበት ወር ደሞዝ የሚበላ ሰው ስለ እንቁላል ተረት አይንገረን አለው።

መምህሩ፣ ሦስተኛው፣ አንደኛውን ወግኖ ገባ። በዚያው ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት የከረመ መምህር እንዳለ፣ ደሞዝም በወቅቱ ያልደረሰው እንዳለ በቁጣ አስታወሰው። ሃያኛው መልስ ስድብ ነበር፤ አወያዩ አጠፋው። አንደኛው ራሱ ግን አልተሳደበም። ለአስጎብኚው አዝኖ፣ ሁለቱም አንድ ዝናብ እንደመታቸው ብቻ ጽፎ ወጣ።

አስጎብኚውን እረዳዋለሁ። ቶሎ የሚያድግ ገቢ ቶሎ የሚወድቅ ገቢ ሊሆን ይችላል። ግን ሦስት ቋንቋው አሁንም አለው። ሰላም በመጣ ቀን እሱ ከዜሮ አይጀምርም።

መልስ 21

በሆቴል የምትሠራ ሴት ናት፤ ሆቴሉን አልጠቀሰችም። በአስተናጋጅነት ገባች። እስካሁን ከጻፉት ውስጥ ወደ ላይ የወጡበትን የነገሩን በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸውን አስተዋለች። እውነቷን ነው፤ እኔ እሷ እስክትናገር አላየሁትም ነበር። አስተናጋጅ ሴት ዕድሜዋ ሲጨምር ወደ ኋላ እንድትሸሸግ እንጂ ወደ ላይ እንድትወጣ አይፈለግም ትላለች። አዋጁ 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል፤ እሷም ወስዳለች። ስትመለስ ግን ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቶ ዕቃ አጠባ ላይ መደቧት።

እሷ ያንን ወደ ሌላ ነገር ለወጠችው። ዕቃ እያጠበች ሼፉ ሥር ገባች። ሽንኩርት ከትፋ፣ ቁሌት ጠብቃ፣ ከዚያ የፆም ቡፌ ብቻዋን ማውጣት ቻለች። ዛሬ የወጥ ቤት ኃላፊ ረዳት ናት፤ ሁለት ሌሎች ሆቴሎች ደውለውላታል። የእጅ ጣዕም ከወጥ ቤት ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይታያል፣ ስለዚህ ደሞዜ አደገ የሚል ሐሳብ ነው የጻፈችው። ሰባተኛው አድናቆቱን ጽፎላታል።

መልስ 22 እና 23

ሃያ ሁለተኛዋ ነርስ ናት፤ ያለ ዲዩቲ (የተረኝነት) ክፍያ ደሞዙ ብቻውን እንደማያኖር በሁለት መስመር ጽፋ ወጣች። ሃያ ሦስተኛው ከፖሊ ወጥቶ ለውጭ ደንበኞች ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ገቢው ከአባቱ የዕድሜ ልክ ደሞዝ በልጦ ነበር። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ደንበኞቹ ሌላ ሰው ያዙ። አዲስ አበባ ሄደ። ባሕር ዳርን እንደሚወድ፣ ግን ገመዱ በሌላ ሰው እጅ ባለበት ከተማ ሥራውን መልሶ ለመትከል እንደማይደፍር ጻፈ። ከተማችን ያጣችው እንዲህ ያለውን ልጅ ነው፤ ያንገበግባል።

መልስ 24

ከወረታ የተጻፈ ነው። በፎገራ ሩዝ የአረምና የአጨዳ ሰሞን የቀን ሠራተኛ ዋጋ ይሰቀላል፣ ሰሞኑ ሲያልፍ ይወርዳል። መሬት የሌለው ሰው በዚህ ላይ ተነስቶ የትም አይደርስም፤ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን የገዛው ግን ደርሷል።

መልስ 25 እና 26

ሃያ አምስተኛው ተግባራዊ ጥያቄ ይዞ መጣ። ቀጣሪው የሥራ ልምድ ደብዳቤ አልሰጥም ብሎታል፤ ሌላ ቦታ የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ደብዳቤ አምጣ ተብሏል። ሃያ ስድስተኛዋ የሕግ ባለሙያ ናት። በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 12 መሠረት አሠሪ ሥራው ሲቋረጥ፣ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ በማንኛውም ጊዜ፣ የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ያገኝ የነበረውን ደሞዝ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርብ፣ ቅጂውን ያዝ፣ እምቢ ካሉ ወደ ሥራና ሥልጠና ቢሮ ሂድ የሚል ምክር ሰጠች። ለአሥራ ሦስተኛውም በተለይ ጻፈችለት። አሠሪው በሕግ ኤጀንሲው ስለሆነ ደብዳቤውን ከኤጀንሲው ነው የሚጠይቀው። የትኛው ባንክ ውስጥ እንደሠራ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓ.ም. እንደሆነ ደብዳቤው ላይ እንዲጻፍለት ይጠይቅ፤ በሌላ ድርጅት ማስታወቂያ ሲወዳደር የሚቆጠርለት እሱ ነው።

መልስ 27 እና 28

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እስካሁን ያልተዘጋ ወሬ ናቸው። ሰባተኛው ተመልሶ መጥቶ፣ እሱን የቀጠረው ድርጅት ስለሌለ ደብዳቤ ማን እንደሚጽፍለት ጠየቀ። ከሥሩ ያሉት ልጆችም ነገ ወደ ሌላ ከተማ ቢሄዱ የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም። ሃያ ስምንተኛው የቴክኒክና ሙያ አሠልጣኝ ነው። በሥራ ላይ ሙያ የለመደ ሰው ኮሌጅ ሳይገባም የብቃት ምዘና መፈተን እንደሚችል ነገረው። ለልስንና ለሴራሚክ ንጣፍ ፈተናው በተግባር ነው፤ ካለፈ በደረጃው የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ልጆቹን በየሙያቸው እየለየ ስም ዝርዝር ይዞ ምዘና ማዕከል እንዲሄድ፣ ምዝገባው መቼ እንደሚከፈት እዚያው እንዲጠይቅ ነገረው። ሰባተኛው አራት ልጆች ይዞ እንደሚሄድ ጻፈ። ምዝገባውን የሚያውቅ ሰው ካለ እዚሁ ሥር ይጻፍ።